ተዝካሩ ከተበላ በኋላ

ማክሰኞ፣ ቶማስ

ከሰበታ የወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በአንድ እጄ ድፎ ዳቦ፣ በሌላው ጃንጥላ፣ በሆዴ ደግሞ ለማንም ያልተነፈስኩትን ወሬ ይዤ። ታናሽ ወንድሜ መኮንን በሕይወት አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ሲል ሞተ ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠንለት፣ ፍትሐት አስደርገንለት፣ ተዝካሩን አብልተንለት ነበር። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወጥ ሳማስል ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ራሱ ነው። እስር ቤት ከርሞ ተመልሶ አዲስ አበባ ጓደኛው ዘንድ ተጠግቷል።

«ድንገት ብቅ ብዬ አላስደንግጣቸው። አንቺ ቀድመሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ካላቸው እመጣለሁ» አለኝ።

ስለዚህ ቡራዩ ለሚስቱ፣ ሱሉልታ ለታላቃችን ላበሥር ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ዓለም ገና ላይ ሰው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ገተረን። ከታሪፉ በላይ ሲጠይቀኝ ብቆጣ ረዳቱ «በዓል ነው እኮ፣ እናት!» አለኝ። በዓሉ ለእሱ ብቻ የወጣ ይመስል! መንገዱ ዳር የበግ ቆዳ ተጥሎ ይሸታል። በየሱቁ በር ድምፅ ማጉያው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል፤ ተሳፋሪውም በዝግታ ይቀበላል። አየር ጤና ወርጄ ሁለት ታክሲ ቀያየርኩ፤ ከአስኮ በኋላ ያለውን ደግሞ በባጃጅ እየተንገጫገጭኩ ቡራዩ ገባሁ።

የመኮንን ሚስት አስቴር ልጅ አዝላ በሩን ከፈተችልኝ። ሌላ ካገባች ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ሥራ ሄዷል።

«እትዬ ዘነቡ! እንኳን አደረሰሽ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። እስቲ ቁጭ በይ። መኮንን አለ።»

ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «አይተሽዋል?»

«ድምፁን ሰማሁ።»

«ድምፅማ ማንም ያወጣል።»

ዕለቱ ቶማስ ነው፤ ካላየሁ አላምንም ያለው ሐዋርያ የሚታሰብበት። ቶማስስ ማየት ፈልጎ ነበር። አስቴር ግን ማየትም አልፈለገች። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ይህንኑ ነገርኳት። አይ የኔ ነገር! ያን ጊዜ ነው የፈነዳችው።

«ያ ሰውዬ ‹ሞቷል› ብሎ ከሊቢያ ጃኬቱን ይዞ ሲመጣ ‹ጃኬት አስከሬን አይደለም፣ እንጠብቅ› አላልኩም? ‹ነፍሱ ያለ ፍትሐት ትንከራተት እንዴ› ያልሽው ማን ነው? ጥቁር ያለበስሽኝ አንቺ! ጥቁሬን ያስወለቅሽኝ አንቺ! ‹ገና ልጅ ነሽ፣ አግቢ› ብለሽ የመረቅሽኝም አንቺ! ዛሬ ደግሞ ተነሣ ትይኛለሽ?»

እውነቷን ነው። ጃኬቱን አይቼ «የሱ ነው» ብዬ ደረቴን የደቃሁት እኔ ነኝ። መጠበቁ ሰልችቶኝ ነበር፤ እግዜር ይየኝ፣ ሰልችቶኝ ነበር። አስቴር ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋው አለቀሰች። ዳቦውን ሳትቆርሰው ወጣሁ።

«ደህና መሆኑ ደስ ብሎኛል በይልኝ» አለችኝ በር ላይ። «እንዳይመጣ ግን በይልኝ።»

አስኮ የአክስቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። እሷንም ምንም አልነገርኳት።

ረቡዕ፣ አልዓዛር

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣው። ባሕር ዛፉ በጭጋግ ተውጧል። አጠገቤ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም ስላቸው ሳቁ። ዓይኔ ማበጡን አይተው ግን «ማን ሞተብሽ ልጄ?» አሉኝ።

«የሞተብኝማ ተገኘ» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ገለኒ ዋቃዮፍ! እግዜር ይመስገን! ወንድምሽ ተገኝቶልሽ ታለቅሻለሽ?» ብለው ዞረው ለታክሲው ሁሉ አወጁ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። በሁለት ቀን ለመኮንን እልል ያለለት ሰው ይኸው ነው፤ ያውም መልኩን የማያውቅ።

ታላቃችን ጋሼ ታምሩ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ቤቱንም የሠራው በመኮንን ቦታ ላይ ነው። ስደርስ ነጠላውን አጣፍቶ እንግዶቹን ክትፎ እያጎረሰ «ሞት እኮ ድል ተነሥቷል!» ይላቸዋል። ጓሮ ጠርቼ ነገርኩት።

«ማን ሰማ?» አለኝ። የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው፤ በሞቴ፣ ይኼ ነው!

«የሰማ የለም» አልኩት፤ ታክሲው ሙሉ ሰምቶ።

«ተዝካሩን እኮ አገር በልቷል! ካህናቱ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? ዕድሩስ? ቤቱስ? ወራሽ ተብዬ እኮ ነው የሠራሁት!»

«ጋሼ፣ ወንድማችን ነው።»

«ወንድሜን አልቅሼ ሸኝቻለሁ።»

«ምኑን ነው የሸኘኸው? ጃኬት! ዛሬ አልዓዛር ነው፤ እህቶቹ ተደስተው ነበር።»

«አልዓዛር ቦታ አልነበረውም» አለኝና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ሲጨርሱ ሲመርቅ ከውጭ ሰማሁት። አሜን አላልኩም።

ቤቴ

ሰበታ የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እግሬ አብጧል። ሰው «የሞተ ተጎዳ» ይላል፤ ከሞት የተመለሰ የባሰ እንደሚጎዳ ግን በዚህ ጉዞ ተማርኩ። የጌታን ትንሣኤ ስንሰማ እልል እንላለን፤ የጌታ መነሣት ቦታችንን አያስለቅቀንም፣ ትዳራችንን አያፈርስብንም። መንገዱን ሙሉ አስቴርንና ታምሩን በሆዴ ስረግም መጣሁ።

ደወልኩለት።

«ደስ አላቸው?» አለኝ።

ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ፤ አልወጣ አለኝ። «አንተ እኔ ጋ ና። ክፍል አለ» አልኩት።

«እትዬ፣ እሁድ ስደውልልሽ መጀመሪያ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። ሳልመልስለት ዘጋው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ደጋግሜ ብደውል አያነሣም።

ትዝ ይለኛል እንጂ፣ እንዴት አይለኝም። ወንድሜ ከሞት ተነሥቶ «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ሲለኝ፣ እልል አላልኩም። ማማሰያውን እንደያዝኩ «ለማን ነገርክ?» ነው ያልኩት።