ሦስት ወንበር በአራት ክፍያ

በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከጄኔቭ ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ ውስጥ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ግቢ በር ላይ የፖስታ ሠራተኛ ደወል ደውሎ አንድ ጥቅል አስረክቦ ሄደ። ጥቅሉ ላይ «ለመኩሪያ ቤተሰብ» የሚል ተጽፎበት ነበር። በዚያ ግቢ መኩሪያ የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ጥቅሉ ላይ ተለጥፎ ከቀረው የመረከቢያ ወረቀት ነው። ፈርማ የተቀበለችው የቤቱ እመቤት ናት።

ዛሬ ለጋዜጣ ሥራ ስታዲየም ስገባ፣ ሰው ሲነሣ ወደ ኋላ የሚታጠፈው የፕላስቲክ ወንበር ጧ ሲል ያ ዓመት ይመለስብኛል። ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ ቤታችንም እንደዚያ ያለ ሦስት ወንበር ነበር።

አባቴ መኩሪያ አዲስ አበባ የጂኦግራፊ መምህር ሳለ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ በሰፈራችን ጣቢያ ታዛቢ ሆኖ ቆሞ፣ ከምርጫው በኋላ ታስሮ ተፈታ፤ ሲፈታ ሥራው አልነበረም። እናቴ ፀዳለ በሰው በሰው ጄኔቭ ለሚኖር አንድ የዲፕሎማት ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር፣ ባልና ልጅ እንዳላት ተጠየቀችና የለኝም አለች። ሥራውም የመኖሪያ ካርዱም የሚሰጠው ለብቻዋ ሴት ነበር። ከዓመት በኋላ እኔና አባቴ ተከትለናት መጥተን ጥገኝነት ስንጠይቅ፣ እሷን ላለማጋለጥ አባቴ «ሚስቴ አገር ቤት ናት» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ እኛንም ወደ ዙሪክ መደቡንና የአውሮፕላን ማረፊያው ባለባት ክሎተን አንድ ክፍል ተሰጠን። እሱ የአውሮፕላን ምግብ የሚቀርብበትን ትሪ ያጥብ ነበር። እሷ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ርቃ የሰው ልጆች ታሳድግ ነበር፤ የምታርፈውም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ወደ እሷ ቤት መግባት አንችልም፣ እሷም ወደ እኛ ደርሳ ለመመለስ ጊዜ አይበቃትም፣ ካፌ ደግሞ ለመቀመጥ ያስከፍላል። ስለዚህ ጄኔቭ ተገናኝተን እንራመድ ነበር። ሲዘንብ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እንመላለሳለን።

በሐምሌ አባቴ ጄኔቭ ትራም ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አየና አስነበበኝ። የከተማው ክለብ ለዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የሚያገለግል የቤተሰብ ትኬት፣ ሦስት ተከታታይ ወንበር፣ በአራት ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ክለቡ በራሱ ሜዳ የሚጫወተው በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ከእናቴ የዕረፍት ቀን ጋር አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል፤ ባልገጠመ ጊዜ ደግሞ ከግቢው ምግብ አብሳይ ጋር ቀን መለዋወጥ ትችላለች።

«ኳስ ትወዳለህ እንዴ አንተ?» አለችው።

«ማን ስለ ኳስ አወራ? ቤት ልከራይ ነው።»

ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ሦስታችንም ቆመን ቅጹን እያነበብኩ እተረጉምላቸው ነበር፤ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተጻፈ ስለነበር የትምህርት ቤት ጀርመንኛዬ በቃኝ። አባቴ በጥቁር እስክሪብቶ በትልልቅ ፊደል ስማችንን በሁለቱም ቅጂ ሲጽፍ፣ ሻጩ ወጣት አየት አደረገና ፊቱን ቋጠረ። እናቴ በአባቷ ስም፣ አባቴ በአባቱ፣ እኔ በእሱ ተጽፈን ሦስት ሰው ሦስት ዐይነት የቤተሰብ ስም ነበረን። «እውነት ቤተሰብ ናችሁ?» አለ በተሰባበረ ጀርመንኛ። ተረጎምኩ። አባቴ ሳቀና የአገራችንን ልማድ በእኔ አፍ ካስረዳው በኋላ፣ ልጁ ከላይ «የመኩሪያ ቤተሰብ» ብሎ ጻፈበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስታችንን በአንድ ላይ የያዘ ወረቀት አልነበረንም።

በክፍያ የሚሸጠው ግን ለጄኔቭ አካባቢ ነዋሪ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው እዚያው ተከፍሎ፣ የቀሩት የሦስቱ መክፈያ ወረቀት በፖስታ ይላካል።

«የአሠሪዎችሽ ቤት፣ ቨርሷ ይጻፍ» አለ አባቴ።

«አብደሃል!»

«ሦስት ደብዳቤ ነው፣ ቀኑ እዚህ ተጽፏል። ፖስታውን ከሣጥን የምታወጪው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ሦስት ብቻ» አለች እናቴ።

ከዚያ አባቴ ከታች ያለችውን ትንሽ ሣጥን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይቺስ ምንድን ናት፣ ወሬኛዋ?» አለኝ። ወሬኛ የሚለኝ የሰማሁትን ሁሉ ስለማወራ ነበር። የተጻፈው፣ ክፍያውን በጊዜው ለሚጨርስ ቤተሰብ ዓመቱ ሲያልቅ የክለቡ ስካርፍ በስጦታ ይላካል፣ የሚፈልግ ምልክት ያድርግ የሚል ነው። ክሎተን በትምህርት ቤት ክፍሌ ውስጥ የክለብ ስካርፍ የሌላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከጠየቅኩ እናቴ እምቢ እንደምትል ዐወቅኩ።

«ማስታወቂያ ናት፣ ተዋት» አልኩት።

እነሱ በአድራሻው እየተጨቃጨቁ ወደ መስኮቱ ሲዞሩ፣ ከቦርሳዬ ሐምራዊውን የትምህርት ቤት እስክሪብቶዬን አውጥቼ በሁለቱም ቅጂ ላይ ምልክት አደረግኩ። አባቴ ፈረመ። አንዱ እዚያ ቀረ፣ አንዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በመስከረምና በጥቅምት፣ ረፋድ ላይ ከክሎተን ተነሥተን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በርካሽ ቀድመን ባስያዝነው የባቡር የቀን ትኬት አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠን፣ የስታዲየሙ በር ሲከፈት እንደርስ ነበር። እናቴ ስትመጣ ከቦርሳዋ ጨርቅ ታወጣና ሦስቱን ወንበር፣ መደገፊያውን ጭምር፣ ትወለውል ነበር። «የሰው ቤት ስወለውል ሰነበትኩ፣ እስቲ የራሴን» ትላለች። ከዚያ እኔን መሐል አስቀምጣ፣ የቀዘቀዘ እጄን በብብቷ ሥር ከትታ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ አትለቀውም ነበር። ኳሱ አይገባትም። የምታዝነው ለበረኛው ነው።

«ያ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ብቻውን ያቆሙት?»

«በረኛ ነው እኮ፣ ፀዳለ!»

«በረኛስ ብርድ አይመታውም?»

ጎል ሲገባ ሰው ሁሉ ሲጮኽ እኔ «እማዬ!» ብዬ እጮኽ ነበር። ጎሉን ብዬ አይደለም፤ በዚህ አገር እማዬ ብዬ የምጮኽበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው። የመጀመሪያው መክፈያ ወረቀት በደረሰ ሳምንት እናቴ ከጓንቷ ውስጥ ስታወጣው አራት ጊዜ ታጥፎ ነበር። አባቴ ተቀብሎ ክሎተን ፖስታ ቤት ከፈለው፣ ደረሰኙንም ፋይል ውስጥ አስቀመጠው።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሜዳው በረዶ ስለሚሆን ጨዋታው ቆሞ፣ ስታዲየሙ ተቆልፎ፣ ወደ መራመዳችን ተመለስን። ቅዳሜ ፕላንፓሌ አደባባይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስለሚቆም በድንኳኖቹ መሐል እንዞር ነበር። አንድ ቀን እናቴ የሰው ሸሚዝ አንሥታ ስታይ፣ ከኋላዋ በአማርኛ «ፀዳለ! ነፍሴ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላ የዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። አባቴ ወዲያው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መጻሕፍቱ ራቀ። ሴትዮዋ እኔን አገላብጣ ሳመችና «ይቺ ቆንጆ የማን ናት? ቁርጥ አንቺን!» አለች።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች እናቴ። «ዙሪክ ነው የሚኖሩት።»

«ኧረ! አክስትሽን ልታያት መጣሽ?»

«አዎ፣ አክስቴን» አልኩ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላም፣ የምሽት ባቡራችን እስኪደርስ ድረስ፣ አክስቴ እያልኩ ጠራኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሷም አላረመችኝም።

በየካቲት ጨዋታው ሲጀመር ወንበሮቻችን የወራት አቧራና የወፍ ኩስ ጠግበው ጠበቁን። እናቴ ሁለት ጨርቅ ይዛ መጣች። በመጋቢት፣ ጸሐይ የወጣ ቀን፣ የክለቡ ፎቶ አንሺ በደረጃው እየወጣ ቤተሰቦችን ሲያነሣ ወደ እኛ ደረሰ። እናቴ ፊቷን ልትሸፍን እጇን አነሣች፤ አባቴ ግን «ተይው፣ አንድ ፎቶ የለንም» አላትና እጇን ያዘው። የመጨረሻውን ክፍያ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከፈለ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ደረሰኙን እያሳየኝ «ጨረስን፤ አሁን ማንም ከዚያ ወንበር አያስነሣንም» አለኝ። ሦስቱም ደብዳቤዎች በተባሉበት ቀን መጥተው፣ ሦስቱንም እናቴ ከሣጥኑ አውጥታ፣ በግቢው ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም። ግንቦት ሲያልቅ ዓመቱ ተዘጋ።

በሰኔ ያ ጥቅል ሲመጣ እናቴ ልጆቹን ይዛ ሐይቁ ዳር ነበረች። ማዳም በስሕተት የመጣ ዕቃ መስሏት ከፈተችው። ሦስት ስካርፍ፣ የምስጋና ደብዳቤና አንድ ትልቅ ፎቶ ነበረበት። በፎቶው ላይ ሠራተኛዋ የአንድ ሰው እጅ በእጇ ላይ ሆኖ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል ልጅ አቅፋ ትስቃለች። እናቴ እንደነገረችን ማዳም አልጮኸችም። «ልጅ የለኝም ስላልሽኝ ነው የእኔን የሰጠሁሽ» አለቻት። ሁለት ሳምንት ሰጠቻት። ሥራው ሲያልቅ ካርዱም ያልቃል።

መጨረሻ የተገናኘነው ከተቆለፈው የስታዲየም በር ፊት ለፊት ነው። ሌላ የምንገናኝበት ቦታ አላሰብንም። እናቴ ጥቅሉን አምጥታ ነበር። ወደ ክሎተን ብትመጣ፣ ሚስቴ አገር ቤት ናት ያለው የአባቴ ቃል ውሸት ይሆናል፤ ጉዳዩም ገና አልተወሰነም። እሷ አገር ቤት ከገባች ግን ቃሉ እውነት ይሆናል። ይህን ሁለቱ ቆመው፣ እኔ በሩን ተደግፌ፣ በሃያ ደቂቃ ወሰኑት።

ከዚያ እናቴ «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለች። «ሦስት ደብዳቤ ብለን ነበር። ይህን ላኩልኝ ያላቸው ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ አላየኝም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ለልጅቷ ስካርፍ ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለችው። «በስካርፍ!» አንዱን ስካርፍ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ፤ ሰኔ ስለነበር ይሞቅ ነበር። እስክንለያይ ድረስ አባቴን ቀና ብላ አላየችውም። የሄደች ቀን እስከ አውሮፕላኑ የሸኘቻት ማዳም ስለነበረች እኛ መሄድ አልቻልንም። አባቴ ትሪ ያጥብ ነበር፣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤፍ የሚባለውን ጊዜያዊ ፈቃድ አገኘን። ቤተሰብ ለማስመጣት የሚጠየቀውን ገቢ የአባቴ ደመወዝ አላሟላም። እናቴን መልሼ ያየኋት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ በራሴ ፓስፖርት አዲስ አበባ ስገባ ነው። ስለ እሱ ስትጠይቀኝ «ያ ባለ ስካርፍ እንዴት ነው?» ነበር ያለችኝ። እውነቱን ለመናገር ተዘጋጅቼ ሄጄ፣ ሳልናገር ተመለስኩ። ምልክቱን ያደረግኩት እኔ መሆኔን አባቴ እንዳላወቀ፣ ጭቅጭቁን ለማብረድ ብቻ በራሱ ላይ እንደ ወሰደው አምን ነበር፤ ምስጢሩን የያዝኩት ብቻዬን ይመስለኝ ነበር።

አሁን የዓመት ትኬት በስልክ ይገዛል፣ ቅጽም እስክሪብቶም የለም። ለጋዜጠኞች በተለየው ቦታ ተቀምጬ ከሜዳው ማዶ ሦስቱን ወንበሮቻችንን አያቸዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሰው አለባቸው። እናቴ ስልክ ስደውል ብርዱን ትጠይቀኛለች።

አባቴ ባለፈው ጥር ክሎተን ዐረፈ። ከአልጋው ሥር ያለውን ፋይል የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከአራቱ ደረሰኞች በላይ የቅጹ የእኛ ቅጂ ነበር፤ ተደጋግሞ ከመከፈቱ የተነሣ እጥፋቱ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ስሞቹ፣ አድራሻውና ፊርማው በጥቁር እስክሪብቶ ናቸው። በመጨረሻዋ ሣጥን ውስጥ ያለው ምልክት ሐምራዊ ነው።