የመይሙና በግ የበላው ሣር

ሺፋ የጎረቤቴ የመይሙና ልጅ ናት። ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነን። እኔ ማርያምን እሳለማለሁ፣ እነሱ መስጊድ ይሄዳሉ፤ ጠባችንም እርቃችንም ግን አንድ ላይ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሐኪም ልትሆንልን ነው ብለን እልል አልን። እሷ ሆዬ ሣር አጥኚ ሆና ቁጭ!

«እትዬ ሠርኬ፣ ሳቫና ነው የማጠናው» ትለኛለች። ሣር የለበሰ፣ እዚህም እዚያም ግራር የቆመበት ቆላ ሜዳ ማለት ነው አሉ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ወደ አዋሽ ትወርድና ፊቷ ከስሎ፣ ጫማዋ አልቆ፣ በጆንያ ሣር ተሸክማ ትመለሳለች። መይሙና ትንጨረጨራለች። «ሰው ልጁን አስተምሮ ወርቅ ያያል፤ እኔ ድርቆሽ!» እኔም አልዋሽም፣ ስቄያለሁ።

የሚሊኒየሙ ዓመት ኅዳር ላይ ግን አንዲት ትንሽ ጆንያ ብቻ ይዛ መጣች። ፊቷም ልክ አልነበረም። ከብቱ የሚወደው ሣር ከዚያ ሜዳ እየጠፋ ነው አለችኝ። ዝናቡ ይዘገያል፤ ሲመጣም ቶሎ ይቋረጣል። ሣሩ ዘር ሳይዝ ይደርቅና ቦታውን እሾሃም ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ዘር የያዘውን ያገኘችው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ በሚመጣው ክረምት መልሳ ልትዘራው አስባለች። የመሥሪያ ቤቷ መጋዘን ስለሚያፈስ ጆንያውን በረንዳቸው ላይ ሰቀለችው። እናቷን «አደራ፣ እንዳትጥይው» አለቻት፤ ሌላ አልነገረቻትም። መሳቂያ መሆን ሰልችቷት ነዋ!

ታኅሣሥ ላይ አረፋ ደረሰና መይሙና በግ ገዛች። የአረፋ በግ ደግሞ እሷ ቤት ተርቦ አይታረድም፤ ከሰው በፊት እሱ ይጠግባል። ሺፋ ከሥራ ስትገባ ጆንያው ባዶውን ተንጠልጥሏል፣ በጉ ተኝቶ ያመነዥካል።

ጩኸቷ! በስመ አብ ወወልድ! ሰው የሞተ መስሎኝ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ልጅቷ በጉን አንቃ አፉን ልትፈለቅቅ ትታገላለች። መይሙና ክው ብላ ቆማለች።

«አትጣይው አልሽ። ጣልኩት እንዴ?» አለች።

«እማዬ፣ የመጨረሻው ነው! በአገሩም የለም! ሄጄ አላመጣው ነገር!»

እኔ ጤፍ ጠፋ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ስኳር ጠፋ ሲባል ሰምቻለሁ። ሣር ጠፋ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ወይ ጉድ!

በአረፋ ዕለት ሺፋ ከሥጋው አልቀመሰችም። መይሙናም ለሰው ስታድል ዋለች እንጂ ለራሷ አላስቀረችም። የበጉን በጠጥ ጠርጋ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደፋችውና ያ ጉዳይ አይነሳም ተባለ። እናትና ልጅ ለብዙ ጊዜ «ሳህኑን አቀብይኝ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም።

ክረምት ገባ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ መይሙና ጓሮውን ልታጸዳ ወጣች።

«ሠርኬ፣ ይሄ ደግሞ ምን አረም ነው?» ብላ ልትነቅለው ጨብጣዋለች።

ሺፋ ከኋላችን «እማዬ፣ እጅሽን!» ብላ ጮኸች። መጥታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ቅጠሉን ገለበጠች፣ አሸተተች፣ ልቅሶ ይሁን ሳቅ የማይለይ ድምፅ አወጣች። «እሱ ነው! ዘሩ በበጉ ሆድ አልፎ ነው!»

መይሙና እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። በአገሩ ያጡት ሣር ልደታ ሽንት ቤት ጀርባ! እኔማ ሁለቴ አማተብኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ስትሳለቅ የኖረች ሴትዮ በርጩማ አውጥታ፣ ዱላ ይዛ፣ ሣሩን ከዶሮ ትጠብቃለች። «አይነጋ መስሏት» እያልኩ አበሽቃታለሁ፤ እሷ ዶሮ ታባርራለች።

አንድ ከሰዓት ሦስታችን እዚያው ቆመን፣ መይሙና «ልጄ፣ ወደ አገሩ የምትመልሺው መቼ ነው?» አለቻት።

«የሚመጣው ዓመት፣ እማዬ» አለች ሺፋ። «እዚያ ዝናብ ከመጣ።»

ከመጣ! ስለ ክረምት እኮ ነው የምታወራው፤ ጣራችን ሲያፈስብን ስንራገመው ስለኖርነው ዝናብ። መይሙናን አየኋት፣ አየችኝ። በርጩማዋን ወደ ሣሩ አስጠግታ ተቀመጠች።