ዘፈን ስዘል ያመለጠኝ ይቅርታ

ዛሬ አዬዮ ሪሞቱን ከእጄ ነጠቁኝ!

አዬዮ እዚህ ሰው አገር፣ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት አያት ናቸው፤ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ ይናገራሉ። ከሰዓት አብረን የህንድ ፊልም እናያለን። የሚተኮስ ልብስ ስለሚጠብቀኝ ዘፈኖቹን እዘላለሁ።

ዛሬም አንዱን ስዘል የፊልሙ ልጅ አባቷን አቅፋ ታለቅሳለች።

«እንዴ! አሁን አይደል ከቤት ያባረራት?» አልኩ።

«ይቅር ያለችው ዘፈኑ ውስጥ ነዋ!» ብለው ወደ ኋላ መለሱት።

እውነትም፣ እየዘፈነች አባቷ ሸሽጎ ያስቀመጠውን የሕፃንነት ጫማዋን ታገኛለች። ቃሉ ባይገባኝም አለቀስኩ።

ለካ ስንቱን ፊልም በግማሽ አይቼ ኖሯል!

እኔና አባቴ ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነው። ተነስቼ ደወልኩለት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» ስለው፣ «ምሳ በላሽ?» አለኝ።

እናንተንስ ከሰው ያስታረቃችሁ ዘፈን አለ? እስቲ ጻፉልኝ።