ማንም ያልተቀበረበት መቃብር

ርጥብ ነጭ አፈር ከሌላው አፈር የተለየ ሽታ አለው። ጭቃ ጭቃ አይልም፣ አቧራም አይሸትም፤ ታጥቦ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ እንደሚሸተው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ባለፈው ጳጉሜን ሞጣ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ አንድ ጆንያ ተፈትቶ ውኃ ሲፈስበት ይህ ሽታ መጣብኝና፣ የያዝኩትን ጣሳ አስቀምጬ ቆምኩ። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ያሰብኩት እሱን አልነበረም፤ ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቢቸና አቅራቢያ ባለችው መንደራችን እናቴ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ከመንደራችን በላይ ባለው ኮረብታ ጎን፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የነጭ አፈር ጉድጓድ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜን፣ ሴቶቹ ዶማና ቁና ይዘው እየተሳሳቁ ይወጡ ነበር፤ አፈሩን ቆፍረው፣ ተሸክመው ወርደው፣ በጋን ውኃ ዘፍዝፈው፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልለው፣ ጢስና ዝናብ ያጠቆረውን ግድግዳ ለዘመን መለወጫ ይለቀልቁበት ነበር። እኛ ልጆች ደግሞ ፊታችንን ተቀብተን እየተሯሯጥን እርስ በርስ እንደነጋገጥ ነበር።

ሰው የሞተበት ቤት ግን በዚያ ዓመት አይለቀለቅም ነበር። ሐዘንተኛዋ ራሷ አፈሩን አትነካም፤ ልለቅልቅ ብላም አትጠይቅም። ዓመቱ ሲሞላ፣ በሚቀጥለው ጳጉሜን፣ ጎረቤቶቿ ሳይጠሩ በጠዋት መጥተው ቤቷን ይለቀልቁላታል። ግድግዳው ሲነጣ እሷም ጥቁሯን ታወልቃለች። ይበቃሻል የሚላት ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሚነግራት ግድግዳው ነበር።

አባቴ የሞተው በነሐሴ፣ ወንዙ ሞልቶ ባለበት ሰሞን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ስለነበረ፣ የመንደሩ ወንዶች ልብሳቸውን አውልቀው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እስከ ደረታቸው ውኃ ገብተው ቃሬዛውን በትከሻቸው አሻገሩት። እናቴ ከዚህ ዳር ቆማ አየች። ታናሽ ወንድሜ ደመላሽ ጀርባዋ ላይ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጳጉሜን ገባ፤ የሁሉም ቤት ነጣ፣ የእኛ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚቀጥለውን ጳጉሜን በጣቴ እየቆጠርኩ እጠብቅ ነበር። እናቴ የምትስቀው ቤታችን ሲነጣ ነው ብዬ አምን ነበር።

በበጋው፣ እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ የማዕድን ፈላጊ ኩባንያ ሰዎች መኪና ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፣ እኛም አጥር ላይ ተንጠልጥለን እንሰማ ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው ኢንጂነር፣ በኮረብታው ውስጥ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን እንዳለ፣ በጎኑ መንገድ እንደሚያወጡ፣ ካምፓቸውን እዚያው እንደሚሠሩና ከካምፑ አጠገብ ለመንደሩ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ እንደሚቆፍሩ ነገራቸው። አያ ቸኮል የሚባሉት ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ውኃውንስ ቆፍሩልን፤ ብቻ ስትጨርሱ ጠቅልላችሁ መኪናችሁ ላይ እንዳትጭኑት!» ሲሉ ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ።

ሴቶቹ ግን አልሳቁም። ቀይ ቀለም የተቀቡት የመንገዱ ችካሎች በቀጥታ ወደ ነጭ አፈሩ ጉድጓድ ይሄዱ ነበር። ሄደው ለኢንጂነሩ ቢነግሩት ምናልባት ይሰማቸው ነበር፤ ግን ያኔ ሴት ስብሰባ ላይ ቆማ የምትናገርበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቀን ሠራተኞቹ ምሳ ሲሄዱ ጠብቀው የጉድጓዱን አፍ በጭራሮ ከደኑት፣ በላዩም ድንጋይ ከመሩበት። አያውቁትም፣ አልፈውት ይሄዳሉ ብለው ነበር። እናቴ በሐዘን ላይ ስለነበረች አልሄደችም፤ እኔ ግን ድንጋይ አቀብል ነበር።

በማግስቱ ልይ ብዬ ስወጣ ኢንጂነሩን ክምሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። አንድ ሠራተኛ ዶማ ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ድንጋይ ምንድን ነው?» አለኝ።

ዶማውን አየሁት። የእናቴ ጥቁር ቀሚስ ታየኝ።

«መቃብር ነው።»

«የማን መቃብር?»

«የአባቴ።»

«እዚህ አገር የሚቀበረው ቤተ ክርስቲያን አይደል እንዴ?»

«ወንዝ ሞልቶ ነበር» አልኩት።

ኢንጂነሩ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሠራተኛውም ዶማውን ጥሎ ባርኔጣ በሌለው ራሱ ላይ እጁን ጫነ፤ ከዚያ ችካሉን ነቅለው ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተከሉት። እየሮጥኩ ስወርድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ኢንጂነሩ አንድ እሽግ ሻማ ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ደመላሽን ጡት እያጠባች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ልጅዎ ነገረችኝ» አላት፣ ዝቅ ብሎ። «የባለቤትዎን መቃብር አንነካውም፤ መንገዱን አዙረነዋል። ይህን እዚያ ያብሩለት ብዬ ነው።»

እናቴ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ ምሰሶው ጀርባ ነበርኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ከሄደ በኋላ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመታችኝም። ሻማውን እያገላበጠች፣ «አባትሽን እኮ ስንት ሰው እስከ ደረቱ ውኃ ገብቶ ነው ያሻገረው» አለች። «ሜዳ ላይ ጣሉት አልሽ ማለት ነው። ይህን ቢሰሙ ምን ይሰማቸዋል?» ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በሕይወቷ አንሥታው አታውቅም። ሻማውን በእሑድ ወንዙን ተሻግራ እውነተኛው መቃብር ላይ አበራችው። ለምን እውነቱን እንዳልነገረችው ጠይቄያት አላውቅም። ልጄ ውሸታም ተብላ ትቀራለች ብላ ይሆናል። ወይም ደግሞ እሷም፣ እንደ እኔው፣ ግድግዳው እንዲነጣ ፈልጋ ይሆናል።

ፀሐይዋ በምትበረታበት በሚያዝያ የኩባንያው የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ግን መንገዱና ካምፑ ወደ ወንዙ ማዶ ስለዞሩ ጉድጓዱም የተቆፈረው ለማዶ ሰዎች ሆነ። የፓምፑ እጀታ ሲወርድና ሲወጣ የሚያሰማው የብረት ድምፅ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቿ እንስራቸውን አዝለው ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ባለቤቶቹ ቀድተው እስኪጨርሱ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ የደፈረሰውን የወንዝ ውኃ ይቀዱ ነበር። እቴ ጥሩነሽ የምትባለው ጎረቤታችን፣ ነገር ተናግራ የማትጠግብ ሴት፣ ዳገቱ መሃል ላይ ቆም ብላ፣ «ቆይ፣ እነዚህ የማዶዎቹ ምን አብልተዋቸው ነው ውኃችንን የወሰዱት?» ትል ነበር። እናቴ እንስራዋን አስተካክላ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ከኋላዋ እየተከተልኩ፣ ከእንስራው የሚንጠባጠበው ውኃ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ሲወርድ አይ ነበር።

ጳጉሜን ደረሰ። ገና ጤዛው ሳይረግፍ ደጃችን ላይ የሴቶች ድምፅ ሰማን። እቴ ጥሩነሽ ከፊት ሆና፣ «ውጪ እንግዲህ! ጥቁር በግ መስለሽ ከረምሽ!» አለቻት። ድንጋዩን አንሥተው፣ ቆፍረው፣ ክምሩን መልሰውበት ነበር የመጡት። ቀኑን ሙሉ ለቀለቁ። ሲጨርሱ እናቴ ጓዳ ገብታ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ሳቀችም። እኔ ያሰብኩት ሁሉ ሆነ። ግን ያን ዕለት አፈሩ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ከወንዙ ተሸክማ ያመጣችው እሷ ራሷ ነበረች።

ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አቋርጦ ሄደ። እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩና ሞጣ ተመደብኩ፤ እዚያም ከወሎ ተመድቦ የመጣውን የጤና ባለሙያ ታደለን አገባሁ። ይህን ታሪክ የነገርኩት እሱን ብቻ ነበር። በጣም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ፣ «የእኔ አማት ባለሁለት መቃብር ናቸው» ብሎ ይጀምርና፣ ዓይኔን አይቶ ወሬውን ይቀይር ነበር። እናቴ እርጅና እስኪያጎብጣት ውኃ ስትሸከም ኖራ አረፈች።

ታደለ ከሞተ በኋላ ያለው ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ደመላሽ ደወለልኝ። ሌላ ኩባንያ ኮረብታው ላይ ሥራ ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

«እትዬ፣ አባታችን ስንት ቦታ ነው የተቀበረው?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ካርታቸው ላይ ኮረብታው ጎን መቃብር አለ ይላል። ከድሮው ጥናት የወሰዱት ነው አሉ። ቤተሰቡ ካልፈቀደ አንነካም ብለው ሥራው ቆሟል። ነይና ንገሪያቸው፤ እኔ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል።»

በሚኒባስ ሄድኩ። ስብሰባው አዲስ ቆርቆሮ በለበሰው የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ክፍሉን የሠራው ኩባንያው ነው። የማኅበረሰብ ጉዳይ የምትከታተለው ልጅ ከወረቀት እያየች፣ የድንጋይ መፍጫው መሠረት እንደተጣለ፣ መንገዱ ኮረብታው ድረስ እንደደረሰና የውኃ ቧንቧውም መንገዱን ተከትሎ እንደመጣ ተናገረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለቱም የቆሙት መቃብሩ ጋ ነው። ቤተሰቡ ከፈቀደ አፅሙ በካህናት ጸሎት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ያርፋል። ካልፈቀደ እናከብራለን፤ መንገዱም ቧንቧውም በማዶ ይዞራሉ።»

እንደገና በማዶ። አንፈቅድም ብል የነጭ አፈሩ ጉድጓድ እንደነበረ ይቀራል፤ ማንም አያውቅብኝም። እኔም ጥቁር እንደለበስኩ ነበር፤ ሞጣ ውስጥ ልማዱን የሚያውቅ ባይኖርም፣ አንድ ቀን ሰው መጥቶ ቤቴን ይለቀልቅልኝ ይሆናል የሚል የልጅ ሐሳብ ውስጤ ነበር። ያ ጉድጓድ ከጠፋ እሱም ይጠፋል። ግን ታደለን በቀበርኩ በዓመቱ፣ ባዶ ክምር ድንጋይ መቃብር ነው ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ ልዋሽ አልቻልኩም።

ተነሣሁ። «እዚያ ማንም የለም» አልኩ። «መቃብር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ። ሥሩ ነጭ አፈር ነው። አባቴን ወንዶቻችሁ ወንዝ ገብተው አሻግረውት ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው።»

ከኋላ አግዳሚ ላይ ምርኩዟን ይዛ የተቀመጠችው እቴ ጥሩነሽ ነበረች፤ አርጅታለች፣ አንደበቷ ግን አላረጀም።

«አንቺ ነሽ እንዴ!» አለች። «አንቺ ነሽ ይህን ሁሉ ዘመን ውኃ ያሸከምሽን? እኔ የማዶዎቹን ስረግም ኖሬ! አሁን ንስሐ የምገባው ለማን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አለቀስኩ። ከስብሰባው በኋላ እጄን ይዛ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ዓመት አልፎታል፣ እቴ።»

«ቤትሽን ማን ለቀለቀልሽ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

ጳጉሜን ላይ የኩባንያው ጥበቃ ለመንደራችን ሴቶች አጥሩን ከፈተላቸው አሉ። የሎደሩ ሹፌር፣ «በአንድ ማንኪያ ልዝቅላችሁ» ቢላቸው እቴ ጥሩነሽ፣ «ሞተርህን አጥፋና ቁጭ በል» ብላው፣ ሴቶቹ እንደ ድሮው በዶማ ቆፍረው በጆንያ ሞሉት። አራት ሆነው ሞጣ ድረስ በሚኒባስ ይዘውት መጡ። በረንዳዬ ላይ የተፈታው ጆንያ ይህ ነበር። የእኔ ቤት ብሎኬት ነው፤ ታደለ በገዛ እጁ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶት ነበር። ሴቶቹ ጨርቃቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። ቀጥሉ አልኳቸው። ማታ ጥቁሬን አወለቅኩ።

ለእናቴ የተለቀለቀላት ግድግዳ ጭቃ ስለነበረ ነጩን ይዞ ዓመት ከረመ። የእኔ ግን ቀለም ላይ ስለተለቀለቀ አልያዘም። መስቀል ሳያልፍ መራገፍ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት አገኛለሁ፣ ከላይ ደግሞ እጅ የሚያህል የታደለ አረንጓዴ ብቅ ብሎ ይጠብቀኛል። ደመላሽ ሲደውል ከኋላው ቧንቧው ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ዝጋው አልለውም፣ እየሰማሁ አወራዋለሁ። የነጭ አፈሩ ጉድጓድ ግን አሁን የለም። የረገፈውን ዱቄት ጠርጌ በጣሳ አስቀምጠዋለሁ፤ የሚመጣው ጳጉሜን፣ እዚህ ሠፈራችን ውስጥ፣ ሐዘኗ ዓመት የሚሞላው አንዲት ጎረቤት አለችኝ።