ለወጉ ያህል እምቢ

የማስተምረው ትምህርት ስሙ ስንቴ እንደተቀየረ እኔም በቅጡ አላስታውስም። ግብረ ገብ ሲባል ቆይቶ፣ ሥነ ዜጋ ሆኖ፣ አሁን ደግሞ የዜግነት ትምህርት ተብሏል። ልጆቹ ግን ማንም ምን ቢለው «ሲቪክስ» ነው የሚሉት። እኔም ቲቸር ነኝ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ቲቸር።

ዓመቱን የምጀምረው በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ነው። «ሰልፉን ማን አወጀው? ፖሊስ ቆሞበታል?» እላቸዋለሁ። የለም ይሉኛል። «ታዲያ አንዱ ጎረምሳ መሃል ሲገባ ሰው ሁሉ ለምን ይጮሃል?» ስላቸው ዝም ይላሉ። እኔ ያን ዝምታ እወደዋለሁ፣ ሕግ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ነው ማሰብ የሚጀምሩት። ቀጥዬ አያቶቻቸው «በሕግ አምላክ» ከተባሉ እግራቸውን እንዳነሱ እንኳ ባሉበት ይቆሙ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ይህን በመናገሬ በየዓመቱ እቀጣለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ኳስ የያዘውንም፣ ዳቦ የገመጠውንም በሕግ አምላክ እያሉ ሲያስቆሙ ይከርማሉ።

አንድ ዓመት ላይ ክፍሉ የራሱን ምክር ቤት አቋቋመ። ሕግ የሚያወጡት እነሱ፣ ዳኛ የሚመርጡት እነሱ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አፌን መያዝ ብቻ። አፍ መያዝ ለኔ ዓይነቱ ቱግ ባይ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ሕግ ያረቀቀችው ከላይ፣ ከእንጦጦ ፓርክ አጥር ሥር ካለው ሰፈር የምትመጣ ልጅ ነበረች። ቀጭን ናት፣ ስትናገር ግን ወንበሩ ሁሉ ይሰማታል። ሕጉ ስለ ክፍል ጽዳት ነው፦ ተረኛ ሆኖ ሳይጠርግ የሄደ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉ እንጦጦ ፓርክ ሲሄድ ይቀራል።

ማንን አስባ እንዳወጣችው ሁላችንም እናውቃለን። የጽዳት ጓደኛዋ መጥረጊያ ሲያይ ሆዱን የሚያመው ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ስትጠርግ ኖራለች። አንዱ ተነስቶ «ያለ በቂ ምክንያት የሚል ይግባበት» ብሎ ነበር። እሷ ሐረጉን አስወጣችው። «እሱ ምክንያት አያጣም» አለች፣ ልጁን በአገጯ እያሳየች። ክፍሉ ሳቀ፣ ሕጉም ጸደቀ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። በሕጉ መጀመሪያ የወደቀችው ራሷ ናት። አንድ ማክሰኞ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ሲወርድ፣ አብረዋት ዳገቱን የሚወጡት ጎረቤቶቿ በጊዜ ሊሄዱ ሆነ። እዚያ ላይ ሲመሽ ጅብ አለ፣ ብቻዋን አትወጣም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ያ ልጅ ደግሞ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክፍሉን ብቻውን ጠረገ። በማግስቱ የገባው ተበዳይ ሆኖ ነው። እንደሱ በደስታ የተበደለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ችሎቱ ረቡዕ ተሰየመ። ዳኛዋ ድምጿ የማይሰማ፣ ጠረጴዛ ለመምታት እንኳ የምታፍር ልጅ ናት። «ጥለሽ ሄደሻል?» አለቻት።

«ሄጃለሁ።»

«ለምን?»

«ሕጉ ላይ ለምን የሚል የለም። እኔ ነኝ ያስወጣሁት።»

ተናገሪ እንጂ፣ ጅብ አለ በይ እንጂ ብዬ ልጮህ ደርሼ ነበር። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። በዚያ ፓርክ አጥር ሥር በየቀኑ ስታልፍ ኖራ ውስጡን አንድ ቀን አላየችውም፤ ጉዞው የሚደረግበትን የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ስንት ወር እንደጠበቀች ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ «ጥፋተኛ ነሽ፣ አትሄጂም» አለች። ልጅቷ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልቤ ተሰበረ፣ ምን ዋጋ አለው፣ መምህር ሕግ አይሽርም ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

በእረፍት ሰዓት ሦስት ልጆች፣ አንደኛው ከግቢው ያነሳውን ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ዳኛዋ ፊት ሲቆሙ አየሁ። ሽማግሌ ሆነው መምጣታቸው ነው። እዚያው ቱግ አልኩ፤ የዳኛ ነፃነት የት ሄደ፣ ፍርድ ቤት በአማላጅ አይሄድም ብዬ ስጮህ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳኛዋ ግን በዚያች በማትሰማ ድምጿ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለቻቸው። «ሽማግሌ የሚላከው ለተበዳይ ነው። እኔን ማን በደለኝ?»

ሐሙስ ጠዋት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አንድ መስመር ጨመረ፦ የተበደለው ይቅር ካለ ቅጣቱ ይቀራል። አዲስ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ብሎ የተከራከረ ነበር። ሌላዋ ተነስታ፣ ለተከሳሽ የሚጠቅም ከሆነ ይሠራል፣ ቲቸር ራሳቸው አስተምረውናል ብላ አስቀመጠችው። ያን ቀን ደሞዜን ሠርቼ የበላሁ መሰለኝ።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸውን ይዘው ወደ ልጁ ሄዱ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አዳመጣቸውና «እምቢ፣ ተበድያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አስቀምጠው ኳሳቸውን ሊጫወቱ ሄዱ። አርብ ማንም ነገሩን አላነሳም። ልጁን ተናድጄበት ቀኑን ሙሉ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ቅዳሜ የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ልጆቹን ጭኖ ዳገቱን ጀመረ። ዘፈኑ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ የእሷ ወንበር ግን ባዶ ነበር። ወደ ሰፈሯ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ያ ልጅ ብድግ ብሎ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ፍሬናቸውን ረገጡት፣ ሁላችንም ተደፋን።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩት ግንባሬን እያሻሸሁ።

«ቲቸር፣ ድጋሚ አልመጡም እኮ» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አባቴ፣ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፣ ደጅ መጥናት አለበት ነው የሚለው። አርብ ስጠብቃቸው ዋልኩ።»

«እምቢ ካለ በቃ እምቢ ነው ብለን ነዋ» አለ ድንጋይ ተሸካሚው።

ዳኛዋ ከወንበሯ ሳትነሳ «አሁን ይቅር ብለሃል?» አለችው። ብያለሁ አለ። «እንግዲያው ቅጣቱ የለም። ግን እሷ መስማት አለባት።»

ሁላችንም ወረድን። ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት፣ አንዱ በልማድ ከመንገድ ዳር ሌላ ድንጋይ አንስቶ፣ እኔ ከኋላ ሙሉ ልብሴን ለብሼ። አባቷ ጋቢያቸውን እንደለበሱ የቆርቆሮ በራቸውን ከፍተው ሕዝቡን አዩ።

«ምንድነው፣ በደህና?»

«ሽማግሌ ነን» አለ ድንጋይ ተሸካሚው በኩራት።

አባትየው ዓይናቸውን ከልጁ አንስተው እኔ ላይ አሳረፉ። «ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ነገሩን ተንተባትቤ ሳስረዳቸው ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ ቤት ዞረው በኦሮምኛ «ኮቱ!»፣ ነይ ብለው ተጣሩ። ልጅቷ ልብስ ታጥብ ኖሮ እጇ አረፋ ሆኖ፣ በነጠላ ጫማ ወጣች። ዳኛዋ ይቅርታውን ነገረቻት። እሷ ግን ዳኛዋን አላየችም፣ የምታየው ልጁን ነው።

«እውነት ይቅር ብለኸኛል?»

«እኔ እኮ ሐሙስ ነው ይቅር ያልኩሽ። እምቢ ያልኩት ለወጉ ነው።»

«ለወጉ? እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሳለቅስ?»

ማልቀሷን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጁ የሽማግሌውን ድንጋይ ተቀብሎ ተሸከመ። እሷ ጫማዋን ልትቀይር ሮጣ ገባች።

መኪናው ሲነሳ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ነበረች፣ የፓርኩን አጥር በመስኮቱ እያየች። በሩ ጋ ስንደርስ ዞር አለችና «ቲቸር፣ ሰኞ ምክር ቤቱ ይሰብሰብልኝ» አለችኝ። «ያ ‘ያለ በቂ ምክንያት’ የሚለው ይመለስ።»

«ለራስሽ ነው?»

«አይ» አለች፣ ከኋላ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተኛውን ልጅ በአገጯ እያሳየችኝ። «ለሱ ነው። እሱ ምክንያት አያጣም።»