አንድ ድምፅ ለሁለት ቤት

ዓወል ሬዲዮ «አይሆንም» የምትባለውን ቃል የሚያውቃት ሌላ ሰው ሲላት ሰምቶ ነው ይላሉ የአልዩ አምባ ሰዎች። ሬዲዮ የአባቱ ስም አይደለም፤ እንጀራው ነው። በወጣትነቱ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ የዚያን አገር ብርድ እየረገመ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ተማረ፤ ተመልሶም ከገበያው ዳር ሱቅ ቢጤ ከፈተ። የታመመ ሬዲዮ ሲመጣለት ጀርባውን ሳይከፍት ምን እንደነካው ይናገራል። ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከከፈተው በኋላ ግን ድምፁን ሳይመልስለት አይከድነውም።

ጉረኛ ነው ለሚሉት፣ አዎ፣ ጉረኛ ነው። ግን ጉራው ሥራ ያሠራዋል፤ በሰው ፊት «እኔ አደርገዋለሁ» ያለውን ካላደረገ እህል አይወርድለትም። ይህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ገበያ ያቋረጠው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም በእማ ኩብራ ምክንያት ነው።

እማ ኩብራ የሼህ አብዱልጀሊል ባለቤት ናቸው። ሼሁ በሕይወት ሳሉ ከጎረቤላ እስከ ቆላው ድረስ ስማቸው የሚነሳ የመንዙማ አውራጅ ነበሩ። በግቢያቸው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ሀድራ፣ የመንዙማው ጉባኤ፣ ሲሆን ወንዶቹ በአንደኛው፣ ሴቶቹ በሌላኛው ይቀመጣሉ። ሼሁ ከወንዶቹ ቤት በር አጠገብ ተቀምጠው ያወርዳሉ፤ ድምፃቸው ግቢውን ተሻግሮ ሴቶቹ ዘንድ ለመድረስ ማንንም አይለምንም። ግጥሙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይሉና ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ከማዶ እማ ኩብራ «ሰሉ ዓለ ነቢ» ብለው ነቢዩን ያወድሳሉ፤ ሴቶቹ ይከተሏቸዋል፤ ጭብጨባው ከሁለቱም ቤት ይነሳል። ሼሁ ይህን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አያልፉም። በሌላው ቦታ ቅድሚያ የሚቀበሉት ወንዶቹ ናቸው፤ በዚያ ግቢ ግን ሁለቱ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። ለምን ብለው የጠየቋቸውን ሁሉ ሼሁ «ቤቱ የሷም ነዋ» እያሉ ይሸኟቸው ነበር።

ሼሁ ሲሞቱ የቀረው ድምፅ ዓወል እጅ የነበረው ካሴት ነው። የቀዳው በመጨረሻው መውሊዳቸው ሲሆን፣ ማይኩን ጉልበታቸው አጠገብ ስላስቀመጠው የሼሁ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ከማዶ የሚመጣው የእማ ኩብራ መልስ ግን አልገባበትም፤ በሱ ፋንታ ያለው ዝምታ ነው። ሼሁ ያወርዳሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይቀጥላሉ።

የሼሁ የአርባ ሶደቃ በደረሰ ጊዜ ዓወል በመስጊዱ ደጃፍ ላይ «የሼሁን ድምፅ በሁለቱም ቤት አሰማችኋለሁ» ብሎ አወጀ። ካሴቱን በሌላ ካሴት ገለበጠ፤ አንዱን ቴፕ ወንዶቹ ቤት፣ አንዱን ሴቶቹ ቤት አኖረ። ሴቶቹ ዘንድ ቁልፉን የምትጫነው ሚስቱ አሲያ ናት። ከግቢው መሐል ቆሞ «ቢስሚላህ» ሲል ሁለቱም ቴፖች እኩል ተነሡ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ ዓወልም ሻሹን አስተካከለ።

ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር። አዲስ ባትሪ ድንጋይ በዚያ ሰሞን እንደልብ አይገኝም፤ ከጎረቤላ ያመጣው ለአንድ ቴፕ ብቻ ይበቃል። እሱንም ለወንዶቹ አደረገው። በሴቶቹ ቴፕ ውስጥ የከተተው ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለውን አሮጌ ድንጋይ ነበር። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ዜና ለመስማት ያደርሳል፣ ሁሉም ቤት እንደዚያ ያደርጋል፣ ማን ያውቅብኛል ብሎ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማንም አላወቀበትም። ጥቂት ቆይቶ ግን የሴቶቹ ሼህ መጎተት ጀመሩ። በወንዶቹ ቤት ሼሁ ዝም ብለው ሲጠብቁ፣ በሴቶቹ ቤት ገና እያወረዱ ናቸው። እማ ኩብራ የራሳቸውን ቴፕ ጠብቀው «ሰሉ» ሲሉ፣ ከማዶ ሼሁ ወደሚቀጥለው አልፈው መልሳቸውን ረግጠውት ሄዱ። በሚቀጥለው ባሰ። ጭብጨባው ተደነጋገረ፤ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ለመሳቅ ዳድቷቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እማ ኩብራ ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡና ዓወል ፊት ቆሙ።

«አብዱልጀሊል በሕይወቱ ንግግሬን ቆርጦብኝ አያውቅም» አሉት። «ዛሬ አንተ አስቆረጥከው።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ለመውሊድም በዚህ ቤት እንደማይቀመጡ፣ ጎረቤላ ልጃቸው ዘንድ እንደሚሄዱ ተናግረው ተመለሱ። እሳቸው ከሌሉ የሴቶቹን ቤት የሚከፍት የለም፤ የሴቶቹ ቤት ካልተከፈተ ደግሞ የዚያ ግቢ ሀድራ አለቀለት። ዓወል ገበያውን አንገቱን ደፍቶ ያቋረጠው ያን ቀን ነው። ቤት ሲገባ አሲያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሱን ድንጋይ ለማን እንደሰጠ።

ዓወል አንገቱን ደፍቶ ብዙ መቆየት አይችልም፤ ተፈጥሮው አይደለም። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ለሁለቱም ቴፕ አዲስ ድንጋይ አመጣ። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ እኩል አስነሣቸው። ካሴቱ ሳይጋመስ እንደገና ተለያዩ። አንዱን በአውራ ጣቱ ያዝ ሲያደርገው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሲለቀው ይቀድማል። እንዲህ እያለ ሁለት ጠበኛ እንደሚያስታርቅ ሽማግሌ ሲለማመጣቸው ዋለ። ሁለት በቅሎ ከአንድ በር እኩል ስለወጡ እኩል ይገባሉ ማለት እንዳልሆነ የገባው ከብዙ ልምምጥ በኋላ ነው።

መፍትሔው የመጣለት በገበያ ቀን ነው። የቀትር ዜና ሰዓት ነበር፤ በየሱቁ ሬዲዮ ተከፍቷል። ዓወል በሱቆቹ ፊት ሲያልፍ ዜና አንባቢው አንዱ ሱቅ ላይ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ቀጣዩ ሱቅ ላይ ጨረሰለት። አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ተመልሶ እንደገና በሱቆቹ ፊት አለፈ፤ ሰዎቹ ዕቃ የጠፋው መስሏቸው ነበር። ለካስ ስሕተቱ ሁለት ሼህ ማስቀመጡ ላይ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሼህና ብዙ ጆሮ ነው።

ከሞቱ ሬዲዮዎች ሆድ ያወጣቸውን ዕቃዎች አገጣጥሞ፣ የቴፑን ድምፅ ያለ ሽቦ ወደ ሬዲዮ የምትልክ የመዳፍ ያህል ዕቃ ሠራ። ሥራው ውስጥ ብዙ መሳሳትና ብዙ መራገም ነበረበት፤ የሞከረውን ሁሉ ብዘረዝር እሱ ራሱ ይሰለቻል። በመጨረሻ አሲያ ወጥ እየሠራች የከፈተችው ሬዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ማንጎራጎር ጀመረ፤ የሼሁ ድምፅ ነው። ማማሰያዋን እንደያዘች ሱቁ ድረስ መጣች። ደስ ብሏታል፤ ፈርታለችም። ጊዜው ደግሞ የሚያስፈራ ነበር። በአየር ላይ ድምፅ የላከ ሰው «ለማን ነው የላክኸው?» ተብሎ የሚጠየቅበት፣ መልሱም የማይታመንበት ዘመን ነው።

ዓወል ግን ዕቃዋን በመሐረብ ቋጥሮ በጠራራ ፀሐይ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገባ። ተደብቀው የሠሩት ነገር ነው የሚያሳስረው ባይ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደ ሰንበት ወታደር ቤት የነበረ፣ ከሳቅ ጋር ብዙም የማይተዋወቅ ሰው ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲህ ጣቢያ ከፍቻለሁ ነው የምትለኝ?» አለው።

«ከሼሁ አጥር የማያልፍ ጣቢያ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ካለፈ እኔን ከነዕቃዬ ይውሰዱኝ።»

ወልደ ሰንበት ራሱ አይቶ ካልሆነ እንደማያምን ተናገረ። ወደ ሼሁ ግቢ ሄደው ዕቃዋን አስነሡ፤ ሊቀመንበሩ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ በአጥሩ ዙሪያ መሄድ ጀመረ። ከቁልቋሉ አጥር ጥቂት ራቅ ሲል ድምፁ ሞተ። ተመለሰ፤ ነፍስ ዘራ። በሌላ በኩል ሄደ፤ ሞተ። የቀበሌ ሊቀመንበር መንዙማ በጆሮው ይዞ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲል ያየ ሰው ሁሉ ጤናውን ጠረጠረ። ሰውየው ግን ካዳረሰ በኋላ በሩ ላይ ቆመና ሬዲዮውን ከጆሮው ሳያወርድ ማዳመጡን ቀጠለ። ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ ሊጋደሉ ሲሉ ያስታረቋቸው እኚሁ ሼህ ናቸው።

ከሼሁ ድምፅ በቀር አንዲት ቃል እንዳትላክ፣ ሲያልቅም ዕቃዋ በፊቱ እንድትፈታ አዘዘ። በመውሊዱ ዕለትም ሬዲዮ ይዞ በሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ ነገረው።

የቀረው ከባዱ ነው። እማ ኩብራ ለመንገድ ልብሳቸውን ቋጥረው ጨርሰዋል። ዓወል ገብቶ እጃቸውን ሳመና ስለ ዕቃዋ አልፎከረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ያን ቀን አዲሱን ድንጋይ ለወንዶቹ ነው የሰጠሁት» አላቸው።

«አውቃለሁ። የእኛው ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡልኝ፣ እማ ኩብራ። ሼሁ ከቆረጡብዎት ቋጠሮውን ተሸክሜ ጎረቤላ ድረስ እኔው አደርስዎታለሁ።»

እማ ኩብራ የጎረቤላን ዳገትና የዓወልን ትከሻ በዓይናቸው መዘኑ። ሞቶ ዳገት ላይ እንዳይቀርባቸው ብቻ ብለው አንድ ጊዜ ለመቀመጥ እሺ አሉ። ቋጠሮውን ግን አልፈቱትም።

በመውሊዱ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሁለቱም ቤቶች ሞሉ። ቴፑ ከዕቃዋ ጋር ተያይዞ ሼሁ ይቀመጡበት በነበረው አጎዛ ላይ ነው፤ ከራሱ ድምፅ አይወጣም። አንድ ሬዲዮ ወንዶቹ ዘንድ፣ አንድ ሴቶቹ ዘንድ፣ አንድ በሩ ላይ በወልደ ሰንበት ጉልበት ላይ አለ። እማ ኩብራ ቋጠሯቸውን ታቅፈው ከሴቶቹ ቤት በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ማዶ ከቴፑ አጠገብ የቆመው ዓወል ያያቸዋል።

ቁልፉን ተጫነ። ሼሁ በሦስቱም ቦታ አንድ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማውረድ ጀመሩ፤ መጨረሻው ላይ ደረሱ፤ ቀጥ አሉ።

ከሴቶቹ ቤት ምንም አልመጣም። እማ ኩብራ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ እንጂ አፋቸውን አልከፈቱም። ዝምታው አለፈ፤ ሼሁም ቀጠሉ። ለዓወል የጎረቤላ ዳገት ታየው።

ሼሁ ሁለተኛውን አውርደው ጨረሱ። ዝም አሉ።

«ሰሉ ዓለ ነቢ» አሉ እማ ኩብራ።

ብቻቸውን ነበሩ፤ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰብሯል፤ ግን ሼሁ ከተዉላቸው ዝምታ አላለፈም። የመጨረሻዋን ፊደል ሲጨርሱ ሼሁ፣ ያቺን እየጠበቁ እንደነበረ ሁሉ፣ ትንፋሽ ወስደው ወደሚቀጥለው አለፉ። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው፤ ጭብጨባው ከሁለቱም ቤት አንድ ሆኖ ተነሣ። ወንዶቹ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች አለቀሱ። በሩ ላይ የተቀመጠው ወልደ ሰንበት ጣቱ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ይመታ እንደነበር ያወቀው ካሴቱ ሲያልቅ ነው።

ቴፑ ከአጎዛው ተነሣ፤ ዕቃዋም በቃሉ መሠረት በሊቀመንበሩ ፊት ተፈታች። ዓወል ስለ ሥራው ሊናገር አፉን ሲከፍት ከማዶ እማ ኩብራ ጠሩት። ሮጦ ሄደ፤ ምስጋና ነው ብሎ፣ ወይም እርግማን።

እማ ኩብራ እሱን አላዩትም። የሚያዩት ባዶውን አጎዛ ነው።

«ጠበቀኝ» አሉ።

ከዚያ ቋጠሮውን ለአሲያ አቀበሉና ወደ ውስጥ አስገቢልኝ አሏት።