እስከ በር የምትሸኝ ሲስተር

ኤርጎጌ በሽተኞቿን እስከ ውጭ በር ድረስ ትሸኛለች። እዚህ ደቡብ አፍሪካም እንደ አገር ቤት ነርስ ሲስተር ስለምትባል እኛም ሲስተር ኤርጎጌ እንላታለን። ቶኮዛ ባለው ክሊኒካችን ሌሎቹ ነርሶች "ቀጣይ" ብለው ሲጣሩ፣ እሷ ወረፋው እያየ ወጥታ፣ ዘበኛው አጠገብ ቆማ፣ ስለ ሱቅህና ስለ ልጆችህ ጠይቃህ ትመለሳለች። በዚህ ጠባይዋ የሚያማት ብዙ ነው። እኔም ወረፋ ላይ ሳለሁ አምቻታለሁ፤ ተራዬ ደርሶ ስትሸኘኝ ግን ደስ ይለኛል።

የሆሳዕና ልጅ ናት። ነርስ ሆና ነው ከአገር የመጣችው፤ ግን እዚህ ወረቀቷ እስኪታወቅላት ድረስ ስድስት ዓመት እዚሁ አጠገባችን ቮስሎሩስ ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጣለች። ስለዚህ ባለሱቅ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛና ምን ምን እንደሚዋሽ ነጋሪ አያሻትም።

አምና የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በባለሱቆች ላይ የደም ግፊት ጥናት ሲጀምሩ እኛን ስልሳችንን የመዘገበችን እሷ ናት። ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተጠቃሎ ይሰጠናል፤ በየወሩ እየሄድን እንለካለን፣ ዘጠኝ ጥያቄም እንመልሳለን። ራስዎን ያዞርዎታል? የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይደክምዎታል? ይመስገን። ጎረቤቴ አብዱልወሀብም "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይወጣል። አራት ወር እንዲህ ሄድን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደስታ ሆነ አሉ፤ ምንም ጣጣ የሌለው ክኒን ተገኘ።

ኤርጎጌ ግን አላመነችም። "ስልሳ ባለሱቅ ተሰብስቦ ራሱን ያዞረው አንድ ሰው ይጥፋ? ክኒን ሳይውጡም እኮ ያዞራቸዋል" ትል ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ እኔን ያዞረኝ ነበር። የዱቄት ጆንያ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ጭልም ይላል። አንድ ቀን መደርደሪያውን ባልይዝ ኖሮ ደንበኛ ፊት ተዘርሬ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብትሉኝ፣ ያገሬ ልጅ ያስገባችኝን ነገር እንዴት አማርራለሁ? ሰው "እንዴት ነህ" ሲልህስ ሕመም ይዘረዘርለታል? ይሉኝታ ያዘኝ።

በአምስተኛው ወር እንደ ልማዷ ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ፣

"ሽጉጤ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃህን ከመኪና ማን ያወርድልሃል?" አለችኝ።

"ጌዴዎን ነዋ። ታናሼ እያለ እኔ ምን አደከመኝ።"

"ድሮ አንተ ነበርክ የምታወርደው።"

"አሁንማ ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልማል።"

ቆመች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ክኒኑን ከጀመርኩ።"

እጄን ይዛ እንደ ሌባ እየጎተተች መለሰችኝ። አስተኝታ ለካችኝ፣ አቁማ ለካችኝ፤ ስቆም ግፊቴ ክፉኛ ወረደ። ወዲያው የክሊኒኩን ሐኪም ጠርታ የክኒኑን መጠን አስቀነሰችልኝ። ፎርሙ ላይ የነበረውን "የለም" ሳትነካ ከሥሩ "በር ላይ የተናገረው" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በር ላይ ትጠይቅ ጀመር። በአንድ ወር ውስጥ እንደኔ የደበቀ ሃያ ሁለት ሰው ተገኘ።

ይህን ጊዜ ከጥናቱ ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ጥያቄ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀርበው፤ ደጅ የተወራ አይቆጠርም፤ የጻፍሽውን ካልተውሽ ከጥናቱ ትወጫለሽ አላት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ሕጉ እንዲያ ነው። እሷ ግን "አልተውም። በሽተኞቼን አውቃቸዋለሁ" አለች። እሷ ከወጣች እኛ በየወሩ ይመስገን እያልን ልንወድቅ ነው፤ ክኒኑም ጣጣ የለውም ተብሎ ለስንቱ ሊታደል ነው።

ዓርብ ዕለት የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ማሴኮ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስጠሯት። እኔን ምስክር ይዛ ሄደች። የእሁድ ኮቴን ለበስኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰባት የተማረ ሰው ተቀምጧል፣ ተቆጣጣሪውም አለበት፤ ውሃ በብርጭቆ ቀረበልኝ። ዶክተሯ በትሕትና "ሚስተር ሽጉጤ፣ ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ እንዴት ነዎት?" አሉኝ።

"አይ አም ፋይን፣ ዶክተር። ታንክ ጋድ።"

አፌን በቆረጠው። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኤርጎጌን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የእሷ ድምፅ ግን አልተለወጠም። "ዶክተር፣ እባክዎ እርስዎ ራስዎ እስከ በር ይሸኙት። ስለ ክኒኑ አይጠይቁት፤ ስለ ሱቁ ይጠይቁት" አለች።

ዶክተሯ ግራ ገብቷቸው ተነሡ። ኮሪደሩን ይዘን ስንሄድ ሱቁን ጠዋት ማን እንደሚከፍት ጠየቁኝ። ውጭ በር ስንደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የዓይኔን መጨለም፣ መደርደሪያውን፣ ኤርጎጌ እንኳ የማታውቀውን፣ አንዳንድ ቀን ክኒኑን ሽንት ቤት መጣሌን።

"ታዲያ ቅድም ለምን አልነገሩኝም?"

"ቅድም እንግዳ ነበርኩ" አልኳቸው።

አዩኝና ሳቁ። "እናቴም ሐኪም ፊት እንዲሁ ናት" አሉ።

ስንመለስ ለሁሉም ተናገሩ። በጥናቱ ያለ ክሊኒክ ሁሉ ከአሁን ወዲያ በሽተኛውን እስከ በር ሸኝቶ ይጠይቃል፣ የሁላችንም መጠን እንደገና ይታያል፣ የጥናቱ ጥያቄ ሲዘጋጅም ኤርጎጌ አብራ ትቀመጣለች። ተቆጣጣሪው፣ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ ቅር አይለኝም አለ።

ታክሲ ውስጥ "ተቀይመሽኛል?" አልኳት።

"ኧረ አልተቀየምኩም፣ ደህና ነኝ" አለች በመስኮት እያየች።

ቶኮዛ ስንወርድ እስከ ክሊኒኩ በር ሸኘኋት። እዚያ ቆመችና ዞር ብላ፣

"ሽጉጤ፣ ፋይን ነኝ ስትል እኮ እኔንም ራሴን አዞረኝ" አለችኝ። "ወንበር ላይ ባልሆን ወድቄ ነበር።"